አገር ለማየት የሚሄድ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

አገር ማየት ትምህርት ነው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውም ተረት የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፤ ሰው ያየውን ይናፍቃል፣ የናፈቀውን ይወዳል፣ የወደደውንም ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችንም ሆኑ ትምህርት ቤቶቻችን የአገር ልጅ አገሩን እንዲያይ፣ የውጭም ሰው መጥቶ እንዲያይልን ዘወትር ይመክራሉ። ስለ ማየት ጥቅም የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ማየት ዕዳ ግን የተጻፈው ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ውበቱን፣ ታሪኩንና አየሩን ሽቶ ወደ ሌላ ሰው አገር ሲሄድ፣ ለመጓጓዣና ለመኝታ ከሚከፍለው ገንዘብ ሌላ የሚቀርበት ዕዳ አለን? ካለስ የሚከፈለው ለማን ነው?

ጥያቄው በደመና ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሁለት ስፍራዎች ላይ አሳርፈን ልንመለከተው ወደናል። አንደኛው ኖርዌይ ነው። ይህ የስካንዲናቪያ አገር በተራራው፣ እንዲሁም ባሕር በገደሎች መካከል ዘልቆ እየገባ በሚሠራው ፊዮርድ በሚባለው ረዥም ሰርጥ ምክንያት ከዓለም ዙሪያ ጎብኚ የሚጎርፍበት ሲሆን፣ በሜዳና በተራራ የመዘዋወርን መብት በሕግ ጽፎ ያኖረ አገር ነው። ሁለተኛዋ የእኛዋ ኦቾሎ ናት። አንዱ መንግሥት፣ ሌላዋ መንደር ስለ ሆነች ንጽጽሩ የማይገጥም የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የምናነጻጽረው ስፋታቸውን ወይም ሀብታቸውን አይደለም፤ በገደል አፋፍ ላይ የቆመ እንግዳ ከፊቱ ያለውን ሲያይ፣ ከኋላው ለሚኖረው ሰው ያለበትን ግዴታ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በስተ ቀኙ የአባያን ሐይቅ፣ በስተ ግራው የጋሞን ተራራ፣ በመካከሉም ሙዝ የለበሰውን ቆላ ያያል። ኦቾሎ የተመሠረተችው ከዚያ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ በተከመረበት ስፍራ ነው። ቆላው የወባ አገር ስለ ነበረ ሰዉ ከታች እያረሰ ከላይ መኖርን መረጠ፤ የስፍራው ከፍታም ከጠላት መከላከያ ሆነው። በቋጥኞቹ ላይ ቆመው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ አባያ ቀይ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቶ ይታያል። ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ምድር ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ እርሱ ነው። ውሃው ያን መልክ የያዘው ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ ከሚያወርዱት አፈር የተነሣ ነው፤ እንግዲህ ጎብኚው የሚያደንቀው ቀለም ከአንድ ገበሬ ማሳ የታጠበ አፈር ነው ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሐይቁን ማድነቁን ይተው አንልም። አድናቆቱ ግን ያለ ዋጋ የመጣ አለመሆኑን መገንዘብ ይጀምራል።

ይህን ሐይቅ በ1896 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለት የዐድዋ ጦርነት በሆነበት ዓመት፣ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ኢጣልያዊ መንገደኛ መጥቶ አየው። ካየውም በኋላ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ የአውሮፓ ካርታዎችም ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ሲጠሩት ኖሩ። በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን ውሃውን ማየት ብቻ ሳይሆን ሲጠጡት፣ ዓሣውን ሲያወጡበት፣ በታንኳ ሲሻገሩት ኖረዋል። ስም ላለው ውሃ ስም ማውጣት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ከአባያ ላይ አንዲት ጠብታ አላጎደለም። ነገር ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚያይ ዐይን እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አናገኝም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ያደንቃል፣ ቀጥሎ ባለቤት እንደሌለው ቈጥሮ ይሰይማል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኦቾሎ የወጣው ሌላው ባዕድ ከዚህ የተለየ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ፣ የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚያጠና ወጣት ሊቅ፣ በመንደሯ ተቀምጦ ያጠናው የመሬቱን መልክ ሳይሆን የሰዉን ቃል ነበር። ጋሞዎች ዱቡሻ በሚሉት አደባባይ ተሰብስበው ስለ ጋራ ጉዳያቸው ይመክራሉ። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ ነገሩም የሚቆረጠው እጅ ተቈጥሮ ሳይሆን ተነጋግሮ በመስማማት ነው። የተከለከለውን ማድረግ ጎመ ይባላል፤ የጎመ ጉዳትም በሠሪው ላይ ብቻ ሳይቀር በዘርና በከብት፣ በዝናብም ላይ ይደርሳል ተብሎ ይፈራል። አቤሌስ ይህን ጉባኤ የመረመረበት መጽሐፍ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ታተመ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጥንታዊት ግሪክ ታሪክ ሊቅ የሆነው ማርሴል ዴቲየን ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ጉባኤ ባሰባሰበው መጽሐፍ ውስጥ ኦቾሎ ስፍራ አገኘች። የእኛ ተማሪ ስለ አቴና አደባባይ በክፍል ውስጥ ይማራል፤ የኦቾሎ አደባባይ ግን በፓሪስ ከሚነገርላት ያህል በአዲስ አበባ የሚነገርላት አይመስለንም።

ጉባኤውን ከሚገባው በላይ ልናሞግሰው አንሻም። በቀድሞው ሥርዐት ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች እንደ ሌላው ሰው በዱቡሻ የመናገር መብት አልነበራቸውም። ስለ ባለ አገር ፈቃድ ስንናገር ይህን መርሳት አይገባንም፤ ባለ አገር ማለት የተናገረው ብቻ ሳይሆን ሳይናገር የቀረውም ጭምር ነውና።

በሐኪሞች ዘንድ ደግሞ ኦቾሎ የታወቀችው በሌላ ነገር ነው። በነዚያ ቋጥኞች ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል። ሽኮኮ ፀሐይ ሲሞቅ ላየው ሰው ደስ የሚያሰኝ እንስሳ ነው። ነገር ግን በዐይን የማይታይ አንድ ተሕዋሲ በሽኮኮው ላይ ያድራል፤ ከትንኝ የምታንስ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል በራሪ ነፍሳትም ሌሊት እየወጣች ያን ተሕዋሲ ከሽኮኮው ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ሰው ላይ ሲደርስ ቁንጭር የሚባለውን ቁስል ያወጣል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ላይ፣ በጉንጭና በአፍንጫ ወጥቶ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ሲሽርም ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ትቶ ነው። ከሌላው ይልቅ የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው። ተመራማሪዎች ስለዚህ በሽታ ኦቾሎን ማጥናት ከጀመሩ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ሆኗቸዋል።

እንግዲህ ያው አንዱ ድንጋይ ለእንግዳው ውብ መቆሚያ ነው፤ ለመንደሩ መጠጊያና መመካከሪያ ነው፤ ለሕፃኑ ደግሞ የፊቱ ጠባሳ ምንጭ ነው። ጎብኚው ድንጋዩንና ሐይቁን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢሄድ ዋሽቷል ልንለው አንችልም፤ ያነሣው ነገር በእውነት ያለ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው የወሰደውን ቁራሽ እንደ ሙሉ አድርጎ ሲይዘው፣ «ኦቾሎን አይቻለሁ» ሲል ነው።

እኛ ለሥራ ወደዚያ በወጣንበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ተደግፈው ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ልጆቼ፣ ምን ልታዩ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ሐይቁ ከዚህ ሲታይ እጅግ ያምራል መባሉን ነገራቸው። እርሳቸውም ሳይቈጡ፣ «ሐይቁ ያለው ከታች ነው፤ እዚህ ያለነው እኛ ነን» አሉን። ቀጥለውም ውሃ እንድንጠጣ ወደ ቤታቸው ጋበዙን።

ይህን የጻፍነው ፈረንጅን ለመውቀስ ብቻ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር አንድ ነገር መጨመር አለብን። የመንግሥት ሠራተኛ የሆንን ሰዎች ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለንም። የውሎ አበል ተከፍሎን፣ በመኪና ተጭነን፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ቅጽ ሞልተን የምንመለስ ሰዎች የገዛ አገራችን ጎብኚዎች ነን። ቱሪስቱ ፎቶግራፍ ይዞ ይሄዳል፤ እኛ ቍጥር ይዘን እንሄዳለን። እንዲያውም ቱሪስቱ ያየው ውብ እንደ ሆነ ሲመሰክር፣ የእኛ ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው የሚጎድለውን ብቻ ነው። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ወስዶ የሜዳ አህያ አሳይቶ ሲመልስ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ስላለው ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር ከሆነ፣ ያስተማራቸው ማየትን ሳይሆን ማለፍን ነው።

አሁን ወደ ኖርዌይ እንሻገር። የምንሻገረውም የሰለጠነ አገር ነውና እንምሰለው ለማለት አይደለም፤ እነርሱም የሚታዩ እንጂ የሚያዩ ያልነበሩበት ዘመን ስለ ነበረባቸው ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኖርዌይ ድኻ አገር ነበር። ከ1825 ጀምሮ በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰድዷል። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ባለጸጎች ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድና ተራራ ለመውጣት ወደ አገሩ ይመጡ ነበር። ስቶሬ ስካጋስቶልስቲንድ የተባለውን ቀጥ ያለ ተራራ በ1876 መጀመሪያ የረገጠው ዊልያም ሰሲል ስሊንግስቢ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ አብረውት የወጡት ሁለት ኖርዌያውያን ከጫፉ በታች ቀሩ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልምም ከ1889 እስከ 1914 ድረስ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በመርከባቸው ወደ ፊዮርዶቹ እየመጡ ይዝናኑ ነበር። የባሕሩ ዳር ገበሬ እነዚህን እንግዶች በጀልባ እየቀዘፈ፣ በጋሪ እየነዳ ኖረ። አገሩ የሚታይ ሆኖ ሳለ የሚሰደድበት ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ የጋሞ ሸማኔ ከደጋው ወርዶ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ ያሳደገው ተራራ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ለእንግዳ ይታያል።

ኖርዌያውያን ግን በዚያው ጊዜ ሁለት ነገር አደረጉ። በመጀመሪያ የገዛ ተራራቸውን ራሳቸው መውጣት ጀመሩ። በ1868 ያቋቋሙት የተጓዦች ማኅበር በተራራው ላይ ጎጆዎች ሠራ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። መንገደኛው ገብቶ ያድራል፣ ከተቀመጠው ስንቅ ይመገባል፣ ስሙን በመዝገብ ይጽፋል፣ የበላበትን ራሱ አስቦ ይከፍላል፤ እንጨቱን ፈልጦ፣ ወለሉን ጠርጎ ይወጣል። ሁለተኛው ነገር የመጣው ከስዊድን ጋር ከነበራቸው ኅብረት በ1905 ተለይተው ራሳቸውን ከቻሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በ1957 ጥንት በልማድ የነበረውን በሕግ ጻፉት። ሕጉ እንደሚለው ያልታረሰ ምድር፣ ማለት ጫካው፣ ተራራውና ባሕር ዳሩ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ሊሄድበት መብት አለው። የታረሰው ማሳና የቤቱ ደጃፍ ግን አይነካም። ማሳውን ማቋረጥ የሚቻለው መሬቱ ሲጠጥር ወይም በረዶ ሲሸፍነው ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ደጃፉ እንደ ተከበረ ነው። ድንኳን የሚተክል ሰው ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ በአንድ ስፍራም ሳያስፈቅድ ከሁለት ቀን በላይ ሊቆይ አይችልም። ይህም ሁሉ የሚፈቀደው በጥንቃቄና ለሌላው በማሰብ ሲደረግ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሕግ የሚያደንቀው ስለ ሰጠው ነጻነት ነው። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ወሰኑ ነው። ሕጉ በአንድ በኩል ለማንም ያልሆነውን፣ በሌላ በኩል የሰውን ደጃፍ አስቀምጦ፣ ተጓዡ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ዐይኑ እንዲያውቅ ይጠይቀዋል። ማየት ማለት እዚህ ላይ መደሰት ብቻ አይደለም፤ የት ላይ መቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው። ፕሬይከስቶለን የሚባለው ከፊዮርዱ በላይ 604 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ጠፍጣፋ ዐለት በዓመት ከ300 ሺህ ሰው በላይ የሚወጣበት ሆኖ ሳለ በአፋፉ ላይ አጥር የለውም። እንግዳው ራሱን እንዲጠብቅ ታምኖበታል። በኦቾሎም አጥር የለም፤ የኦቾሎ ቋጥኝ ግን ጫካ አይደለም፣ ደጃፍ ነው። አሳሳቹም ነገር ይህ ነው። ለእንግዳው ዱር የሚመስለው ድንጋይ ለመንደሩ አዳራሽ ነው፤ በዚያ የተነገረ ቃል ያስራል፣ በዚያም የተፈጸመ ነውር ጎመ ይሆናል። የኖርዌዩ ሕግ በቃሉ ሳይሆን በመንፈሱ ወደ ጋሞ ቢመጣ፣ አብዛኛውን የኦቾሎ ዕይታ የሚያስቀምጠው ከማይነካው ወገን ነበር።

የኖርዌዩም ነገር ሁሉ የተፈጸመ አይደለም። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ለመንደሩ ሰውና ለጥቂት መንገደኛ ነበር። ትሮልቱንጋ ወደ ተባለው ዐለት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከ1,000 የማይበልጥ ሰው ይወጣ ነበር ይባላል፤ በ2016 ግን ወደ 80 ሺህ ደረሰ። የጥቂቶች መልካም ልማድ የብዙዎችን ጫማ ሊሸከም መቻሉ እዚያም አጠያያቂ ሆኗል። ደግሞም በሰሜኑ የሚኖሩት፣ አጋዘን የሚያረቡት ሳሚዎች «ባዶ ነው የምትሉት ምድር የእኛ ግጦሽ ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ በፎሰን አካባቢ በነፋስ ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል የተሰጠውን ፈቃድም የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 (እ.ኤ.አ.) የሳሚዎችን መብት የሚጥስ ነው ሲል ፈርዶባቸዋል። ባለ አገር ሁሉ ዞሮ የሌላ ባለ አገር እንግዳ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የኖርዌይ ሕግ መብቱን ለሰው ሁሉ ሰጥቷል እንላለን፤ ወደ ጫካው ለመግባት ግን አስቀድሞ ወደ አገሩ መግባት ያስፈልጋል። የኖርዌይ ተወላጅ ኦቾሎን ለማየት ቢወድ የመግቢያ ፈቃዱን ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒዩተር ይጠይቃል። የኦቾሎ ወጣት ፕሬይከስቶለንን ለማየት ቢወድ የባንክ ሒሳብ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የመመለሻ ዋስትና ይጠየቃል፤ ይህንም ሁሉ አሟልቶ ሊከለከል ይችላል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ ወር የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቪዛ ጭራሽ የሚያጠብቅ ውሳኔ አሳልፏል። መንግሥት ድንበሩን መጠበቁን አንነቅፍም፤ የእኛም መንግሥት ይጠብቃል። ነገር ግን አንዱ ሁልጊዜ የሚያይ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚታይ ሆኖ ሲቀር፣ በመካከላቸው ያለው ነገር እንግድነት ሊባል እንዴት ይችላል? እንግድነት በአገራችን ትርጉም ተራ ነው፤ ዛሬ አንተ ከእኔ ዘንድ፣ ነገ እኔ ካንተ ዘንድ። ተራው የማይደርሰው ሰው አስተናጋጅ ሳይሆን የዕይታው ክፍል ይሆናል።

ከዚህም ጋር መነሣት ያለበት አንድ በጎ ነገር አለ። የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአርባ ምንጭና ከሌሎች የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጤና ጥናትና ትምህርት ተባብረው ሠርተዋል፤ በአባያ ዳር ስላለው ወባም አጥንተዋል። ከእኛም ወገን ወደ በርገን ሄደው የተማሩ አሉ። አንድ እዚያ የተማረ ወዳጃችን እንደ ነገረን፣ በከተማው መንገድ ላይ ዐይኑን ከዐይንህ የማያገናኝ ሰው፣ በተራራው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ሰላም ይልሃል። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ በተራራ ላይ የሚገናኝ ሰው ምናልባት አንዱ ለሌላው ያስፈልገው ይሆናል አሉት። በዚህ ዓይነት የተደረገ መተያየት ዕዳው በሁለቱም ወገን ስለ ሆነ አይከብድም።

«ተራራ በመታየት አያልቅም፤ እናንተ ነገር ታበዛላችሁ» የሚለን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ተራራው አያልቅም። ወደ ዶርዜ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የቱሪስት መኪና በመጣ ቍጥር እየዘለለ ለሳንቲም የሚጨፍረው ልጅ ግን የትምህርት ሰዓቱ ያልቃል። «እንግዳው ይከፍላል» የሚለን ሌላው ተከራካሪ ነው። መክፈሉ መልካም ነው፤ ለመሪው፣ ለማደሪያው፣ ለምግቡ ይከፈል። ለሰው ፊት ግን ዋጋ ሊወጣ አይችልም፤ ጠባሳ ያለበትን ሕፃን አስቁሞ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ብር ጨብጦት የሚሄድ ሰው ሒሳቡን የዘጋ ይመስለዋል እንጂ አልዘጋም። ሦስተኛው ተከራካሪ ከሁሉ ብርቱ ነው፤ «ኦቾሎዎች ራሳቸው መንገድና ገቢ ይፈልጋሉ፤ እናንተ ጠባቂ እንድትሆኑላቸው ማን ሾማችሁ?» ይላል። ይህስ እውነት ነው። ማንም አልሾመንም።

መልሱም ከዚሁ የሚወጣ ይመስለናል። ጋሞዎች ለእንግዳ ያላቸውን ሕግ አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግፍ ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ወጣቶቹ በሐዘንና በቍጣ ነደው በከተማው በሚኖሩት የሌላ ወገን ሰዎች ላይ ሊበቀሉ ተነሡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመሬት ላይ ተንበረከኩ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ ማለፍ ነውር ስለ ሆነ ወጣቶቹ ተመለሱ። ይህን ምስል በጋዜጣና በቴሌቪዥን ያየን ሁሉ አደነቅን፤ ነገር ግን ሣሩ ያን ኃይል ያገኘው በዚያች ቀን አይደለም፤ ማንም ፎቶግራፍ በማያነሣበት ጊዜ በየዱቡሻው በተነገረው ቃል ነው። ሽማግሌውን ለልብሱና ለበትሩ ሲል ብቻ ፎቶግራፍ ያነሣ ጎብኚ ከዚህ ነገር አንዳችም አላየም።

እንግዲህ እንግዳን በዚህ ያህል የሚጠብቅ ሕዝብ የእንግዳውን ሥርዐት ለመወሰን የማንንም ምክር አይጠብቅም። ጎብኚ ወደ ኦቾሎ እንዲመጣ ሲታሰብ ጉዳዩ አስቀድሞ ለዱቡሻው ይቅረብ፤ በዚያን ቀን ግን ሴቶችም ሸክላ ሠሪዎችም ተቀምጠው ይናገሩ። እንግዳው የትኛው ቋጥኝ ላይ እንዲቆም፣ የትኛውን ተሻግሮ እንዳይሄድ፣ የሕፃናት ፊት ይነሣ አይነሣ እንደ ሆነ፣ የሚገኘውም ገንዘብ ለቁንጭር ሕክምና ይሁን ወይም ለሌላ፣ እነርሱ ይቍረጡ። የመሥሪያ ቤታችን ድርሻ የተቈረጠውን ጽፎ ማስከበር ነው። መምህሩም ተማሪዎቹን ይዞ ሲወጣ በመጀመሪያ ከዱቡሻው ድንጋይ በታች አስቀምጦ አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት እንዲያነጋግሯቸው ያድርግ፤ ሐይቁን ከዚያ በኋላ ቢያዩት አይሸሻቸውም። ከሁሉ ያማረው የአባያ መልክ የሚታየው ፀሐይ ከማዶ በምትወጣበት ሰዓት ነው። ያን ለማየት የሚወድ ሰው ግን ሌሊቱን እዚያው ማደር ይኖርበታል፤ ሌሊት ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምትወጣበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ የሚያድርበትን ቤት ለምኖ፣ ቤተሰቡ የሚተኛበትን ስፍራ አይቶ፣ ልጆቻቸው በሚተኙበት ጣሪያ ሥር ይተኛል።